ሆድ ያላት ጀልባ

ዳባት ጀልባ መጣ ሲሏት ደብሪቱ ሳቀች። ምን ታድርግ? ዳባት እኮ ነው! ሴቱ ሁሉ እንስራውን አዝሎ ምንጭ ላይ ሲጋፋ በሚውልበት አገር ጀልባ ምን ሊሠራ ይመጣል? «ሂጂ ወዲያ፣ ቀልደኛ!» አለቻት የነገረቻትን የጎረቤት ልጅ። ግን ወደ ገበያው ሜዳ ብቅ ስትል እውነትም አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ላዩ ላይ ሦስት ጀልባ፣ ለእርድ እንደሚወሰድ ከብት በገመድ ተጠፍረው። ሰዉ ዙሪያውን ከቦ ቆሟል። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ጀልባዎቹ ላይ ይበትናል።

ጊዜው ኅዳር ሰባ ስምንት ነው። ድርቁ አልፏል ይባል እንጂ ያለፈበት ቤት የድሮው ቤት አይደለም። የደብሪቱ አባት ውዱ ሁለት በሬ ነበረው፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ሞቱ። ቆዳቸውን ገፈህ ሽጥ ቢሉት እምቢ አለ፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራቸው። ያን ሰሞን ሰውም በወጉ አይቀበርም ነበር፣ እሱ በሬ ቀበረ። ከዚያ ወዲህ ወገቡ ጎብጧል። ሰው ሲያናግረው መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚመልሰው።

ከዚያ ደግሞ የሰፈራው ዝርዝር ወጣ። ውዱ አለበት፣ ሚስቱ ፋንታዬ አለችበት፣ ሁለቱ ትንንሽ ልጆች አሉበት። ደብሪቱ ግን የለችበትም። እሷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ማትሪክ ወድቃ፣ ዳባት ከተማ አክስቷ አልጣሽ ቤት ተቀምጣ መሠረተ ትምህርት ስለምታስተምር ዝርዝሩ ዘለላት። እናትና አባትሽ ይሄዳሉ፣ አንቺ ትቀሪያለሽ። በቃ። ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ የጠየቃት የለም።

የሚሄዱበትን አገር ስም እንኳ በደንብ የሚያውቅ አልነበረም። «ምዕራብ» ነው የሚባለው። ካድሬው ጓድ ያርጋል ስብሰባ ላይ ሲናገር አፉ ይጣፍጣል፤ «ለምለም መሬት! ሰፊ ረግረግ! ዓሣው እጅ ላይ የሚዘል!» ይላል። መሬቱ ተመንጥሮ፣ ታርሶ፣ እህል እስኪደርስ ድረስ የመጀመሪያውን ዓመት የምትኖሩት በዓሣ ነው፣ ለአሥር አባወራ አንድ ጀልባ ይሰጣል፣ ብሎ ነገራቸው። ዓሣ! ከሰሜን ተራራ ሥር ያለ ሰው ዓሣ የት ያውቃል? መምሬ ገብረ ኪዳንን እንኳ፣ እሳቸውም ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው፣ «አባ፣ ዓሣ የጾም ነው የፍስክ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «እስቲ መጀመሪያ ይያዝ» ብለው ነው ያለፉት።

እንግዲህ ጀልባ ማለት የአሥር ቤት ሰው የዓመት ጉርስ ማለት ነው። ሕፃናቱን ብቻ ብትቆጥሩ ሃያ ስድስት ናቸው፤ ደብሪቱ ቆጥራቸዋለች።

ከዳባት የሚሄዱት ሁለት ቡድን ናቸው። አንደኛው ውዱ ያለበት ነው። ሁለተኛውን የሚመራው ላቀው ነው፤ ላቀው የፋንታዬ ወንድም፣ የደብሪቱ አጎት። ሦስተኛው ጀልባ ደባርቅ ነው የሚሄደው። ጓድ ያርጋል ሁለቱን አስወረደና ሜዳው ላይ አጋደማቸው። ዕጣ ሲወጣ መጀመሪያ የመምረጡ ዕድል ለውዱ ቡድን ደረሰ።

«ቡድን አንድ! ምረጡ!» አለ ጓድ ያርጋል። «አብዮታዊ መንግሥታችን ምርጫውን ለሰፊው ሕዝብ ሰጥቷል!»

ሰፊው ሕዝብ ዞር ብሎ ውዱን አየ።

ለምን መሰላችሁ? ውዱ በሬ መራጭ ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ በሬ የሚገዛ ሁሉ ውዱን ሳያስቆም ብሩን አያወጣም ነበር። እሱ ደግሞ አይናገርም። ከኋላ ጀምሮ አንድ ጊዜ ይዞረዋል፣ ዳሌውን ያያል፣ ሆዱን በመዳፉ ደገፍ ያደርጋል፣ ጥርሱን ይገልጣል፤ ካማረው ሻኛውን ሁለቴ መታ መታ። አለቀ፣ ያ በሬ ተሸጠ። ካላማረው እጁን በጋቢው ጠርጎ ይሄዳል፤ ያን ቀን ያንን በሬ የሚጠይቅ የለም። ሲሳሳት ያየ ሰው የለም። እና አሁን፣ በሬው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሰው እንደገና «አያ ውዱ፣ እስቲ እይልን» አለው።

ደብሪቱ ዓይኗን አላመነችም። አባቷ ቀና አለ። ያ የጎበጠው ወገቡ ተቃና። ጋቢውን ወደ ኋላ መለሰና ቀስ ብሎ፣ ከኋላ ጀምሮ፣ ጀልባዎቹን መዞር ጀመረ።

አንደኛዋ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ ጥልቅ፣ ጎኗ የተነፋ ናት። ከሆዷ በታች እንደ ማረሻ ሹል ብሎ የወጣ ወፍራም እንጨት አላት። ሁለተኛዋ ቀለም የላት፣ ውበት የላት፤ ወለሏ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ፣ ግድግዳዋ አጭር፣ ሰው ቢቀመጥባት ከደረቱ በላይ ውጭ የሚቀር። ውዱ ሰማያዊዋን በመዳፉ መታት። ዱም አለች። ጠፍጣፋዋን መታት። ጧ።

«ይቺ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል» አለ።

አያችሁ፣ አምና ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ከብት ያላየ እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። እንዲህ ያለ ከብት መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንዷ ሴትዮ አማተበች።

«ይቺ ግን» አለና ወደ ሰማያዊዋ ተመለሰ፣ «ሆድ አላት። ታች ማረሻም አላት።» ሁለቴ መታ መታ።

«እልልል!» አሉ ሴቶቹ። ክንዴ የሚባለው ጎረምሳ፣ የዚያው ቡድን ሰው ነው፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ወደ ላቀው ዞሮ፣ «አያ ላቀው፣ እንግዲህ አጥንቷን ወስደህ ቀቅላት!» አለው።

ላቀው ተናደደ። «ውዱ፣ እኔ ምን በደልኩህ? እህቴን ሰጠሁህ፣ አንተ ይቺን ከሲታ ትተህልኝ ትሄዳለህ?»

«ዕጣ ነው፣ ምን ላድርግህ» አለ ውዱ። ፈገግ አለ ደግሞ! ደብሪቱ የአባቷን ጥርስ ካየች ዓመት አልፏታል።

ያን ጊዜ ነው መኪናው ጎማ ሥር የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ራሱን ሲነቀንቅ ያየችው። ቆሎ ይቆረጥማል። ጀልባዎቹን ይዞ የመጣው እሱ ነው፤ ገሠሠ ይባላል፣ የጣና ዳር ሰው፣ ሲወለድ ጀምሮ ዓሣ አጥማጅ። ደብሪቱ ደግሞ ነገር አይታ ዝም ማለት አትችልም። ሰዉ ሲበተን በጣሳ ውሃ ይዛለት ሄደች።

«ምነው ጋሼ፣ ምን አስቆዎት?»

«ሳቅ መሰለሽ?» አለ ውሃውን ተቀብሎ። «ያ ሰውዬ ማን ነው? መራጩ?»

«አባቴ ነው።»

ጣሳውን ከአፉ አነሳ። «እንግዲያ ልተወው።»

«አይተዉት፣ ይንገሩኝ። በማርያም!»

ዙሪያውን አየ። «ስሚ። ያቺ ሰማያዊዋ የባሕር ናት። የጥልቅ ውሃ። ሰው ሲጫንባት ወገብ የሚደርስ ውሃ ካላገኘች አትነቃነቅም። አባትሽ ማረሻ ብሎ የጠራት እንጨት ጭቃ ውስጥ ትሰካለች፤ ከዚያ ወዲያ አሥር ጥማድ በሬ አያወጣትም። ጠፍጣፋዋ አምስት ሰው ይዛ አንድ ስንዝር ውሃ ይበቃታል። በረጅም ዘንግ እየገፋሽ በደንገሉ መሐል ማለፍ ነው።»

«ረግረጉ ግን ጥልቅ ቢሆንስ?»

«ባለፈው ወር ለሌሎች ሰፋሪዎች ጀልባ አድርሼ እዚያው አይደል እንዴ የነበርኩት! ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለት ቀን ሙሉ በጠፍጣፋ ጀልባ፣ በዘንግ እየለካሁ ሄጄበታለሁ። ውሃው እስከ ጉልበት ነው። ጉልበት ያለፈኝ ቦታ የለም። ዓሣው ያለውም ደንገሉ ሥር ነው፤ በእግር አትገቢበት፣ ጭቃው ይውጥሻል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን አልነገሯቸውም?»

«ሌላ ቦታ ተናግሬ፣ የሕዝቡን ምርጫ ታደናቅፋለህ ተብዬ ሁለት ቀን ታሰርኩ። አሁን አውርድ ሲሉኝ አወርዳለሁ፣ ጫን ሲሉኝ እጭናለሁ።»

«ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ቢቆሙ?»

«ነገ ሳይነጋ ሦስተኛዋን ይዤ ደባርቅ ነኝ።» ጣሳውን መለሰላት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ።»

በቃ፣ ያን ከሰዓት ደብሪቱ እንደ እብድ ወዲያ ወዲህ ስትል ዋለች። ሄዳ ለአባቷ ልትነግረው ትነሳለች፤ ሜዳው ላይ ሰው ከቦት፣ ሽማግሌዎቹ እጁን እየጨበጡት፣ ልጆች ጀልባዋ ላይ ሲወጡ «ቀስ፣ ቀስ፣ ጎኗን እንዳትቧጥጡ» ሲል ታየዋለች፤ ትመለሳለች። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሰውዬው በሬ ከቀበረ ወዲህ ሰው መስሎ የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው። እንደገና ትሄዳለች። እንደገና ትመለሳለች። ሃያ ስድስቱ ሕፃናት ትዝ ይሏታል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሜዳው ወደ አልጣሽ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቀችው። ዝርግፍ አድርጋ ነገረችው፤ አንድም ሳታስቀር፣ እያለቀሰች።

ውዱ አልተቆጣም። ቆሞ ሰማት። ከዚያ፣ «ወገብ ያለው ባዶዋን ነው ወይስ ሰው ተጭኖባት?» ብሎ ጠየቀ።

«ተጭኖባት።»

«ጠፍጣፋዋ አምስት ሰው ይዛ ስንዝር?»

«ስንዝር፣ አባባ።»

መለስ ብሎ ወደ ሜዳው ሄደ። እሷም ተከተለችው። ሰማያዊዋ ሥር በጉልበቱ ተንበረከከና በእጁ ታች ያለውን እንጨት ዳበሰ፤ ከጫፉ እስከ ጀልባዋ ወገብ በክንዱ ለካ። ከዚያ ጠፍጣፋዋን ለካ። ብዙ ቆየ። ተነስቶ ጉልበቱን ሲያራግፍ ያ ወገቡ ተመልሶ ጎብጧል።

«በሬ መስላኝ እኮ ነው» አለ።

ሲነጋ የሚወስዷቸው ሁለት መኪኖች መጡ። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነው። ሰዉ ጓዙን ተሸክሞ፣ ልጁን አዝሎ፣ እርስ በርሱ እየተላቀሰ ሜዳውን ሞልቶታል። ውዱ ከቡድኑ ፊት ቆመ። ደብሪቱ ከእናቷ ጎን ቆማለች።

«ስሙኝ» አለ ውዱ። «ትናንት የመረጥኩላችሁ አልሆነም። ተሳስቻለሁ። ለረግረጉ የምትሆነን ጠፍጣፋዋ ናት። ከላቀው ጋር እንለዋወጥ።»

የምታውቁት ሰው በሕዝብ ፊት «ተሳስቻለሁ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያውም ውዱ? ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች።

ክንዴ ነው መጀመሪያ የተናገረው። «ውይ አያ ውዱ! ምን ነካህ ዛሬ? ሳይነጋ ቀመስክ እንዴ?»

ይሄኔ ላቀው ሰማ። ላቀው ዝም ቢል ኖሮ! ግን ዝም ማለት ያልፈጠረበት ሰው ነው። ከወዲያ ማዶ እየሮጠ መጣ። «ውዱዬ! ከልብህ ነው? እኔማ አውቄ ነበር፣ አማቼ አይጨክንብኝም ብያለሁ! ኑ፣ ኑ ልጆች፣ ሳይቀዘቅዝ ሰማያዊዋን አንሱ!»

ውዱን አቅፎ ሁለት ጉንጩን ሳመው።

«አሃ!» አለ ክንዴ። «አሃ! ገባኝ። እህቱ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስበት ነው ያደረችው።»

«እኔ?» ፋንታዬ ነጠላዋን ጣለች። «እኔ? ዓይኔ ይፍሰስ ስለ ጀልባ ቃል ከተነፈስኩ! አንተ ምላሰኛ!»

«እና ከየት መጣ ታዲያ? ማታ ሆድ አላት፣ ጠዋት ሆድ የላትም?»

«ላቀው አልጠየቀኝም» አለ ውዱ። «ማንም አልጠየቀኝም። ውሃው ጉልበት ነው። ይቺ ወገብ ትፈልጋለች። ጭቃው ላይ ትቀርባችኋለች።»

«ውሃውን መች አየኸው?»

ደብሪቱ አላስቻላትም፤ መሐላቸው ገባች። «ጀልባዎቹን ያመጣው ሰውዬ ነው የነገረኝ! እዚያ ነበር፣ ራሱ ሄዶበታል፣ ከዳር እስከ ዳር ጉልበት ነው!»

«የታለ ሰውዬው?»

«ደባርቅ... ሳይነጋ ሄዷል።»

«ደባርቅ ሄደ!» ክንዴ ወደ ሰዉ ዞረ። «እስቲ እህቴ ደብሪቱ ንገሪን፣ ማትሪክ ላይ የወደቅሽው ስለ ጀልባ ተጠይቀሽ ነው?»

ሳቁ! በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል እንዴት እንደሳቁ። ደብሪቱ ፊቷ እሳት ሆነ።

መምሬ ገብረ ኪዳን ግን አልሳቁም። መጥተው የውዱን ትከሻ ያዙ። «ልጄ ውዱ፣ ለሚስትህ ወንድም መራራትህ መልካም ነው። አልነቅፍህም። ግን አሥር ቤት ሙሉ ልጅ አለ። የእግዜርን ስጦታ ይዘን አንለውጥ።»

«አባ፣ በቅዱስ ሚካኤል፣ ርኅራኄ አይደለም።»

«እሺ፣ እሺ ልጄ።»

«ስንት ዓመት በሬ ስመርጥላችሁ አምናችሁኛል» አለ ውዱ፣ አሁን ወደ ሁሉም ዞሮ፣ እጁን ዘርግቶ። «ዛሬ ተሳሳትኩ ስላችሁ ለምን አታምኑኝም?»

«አንተ አትሳሳትማ!» አለ ክንዴ። ሲናገር ማሾፉን ትቶ ነው፤ ከልቡ ነው። «አያ ውዱ፣ የአባቴን በሬ የመረጥከው አንተ ነህ። አሥራ አንድ ዓመት አረሰ። ትናንት እጅህ የመታትን ጀልባ ዛሬ በወሬ አንተዋትም።»

ጓድ ያርጋል ሰዓቱን እያየ መጣ። ነገሩን ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን አልሰማም። «ድምፅ ይሰጥ!» አለ። «ሰማያዊዋ ትሁን የሚል?»

ዘጠኝ እጅ ወጣ።

«ጠፍጣፋዋ የሚል?»

የውዱ እጅ ብቻ። ጥቁር፣ ትልቅ እጅ። ደብሪቱም አወጣች፤ ጓድ ያርጋል ግን «አንቺ ዝርዝር ውስጥ የለሽም፣ አውርጂ» አላት።

«አናሳው ለብዙኃኑ ይገዛል! ጫኑ!»

ጫኑ። ሰማያዊዋን አሥራ ስድስት ወንድ ተረዳድቶ መኪናው ላይ ሰቀላት። ከዚያ ቦታ ጠፋ፤ የመኪናውን ሆድ እሷ ሞላችው። እና ምን ተደረገ መሰላችሁ፣ ሰዉ ጀልባዋ ውስጥ ገባ። እናቶች ሕፃናቱን ታቅፈው፣ መምሬ መስቀላቸውንና ዳዊታቸውን ይዘው፣ ክንዴ ዶሮውን በብብቱ ሸጉጦ። ጥልቅ ስለሆነች ከነፋሱ ትከልላለች። «አያችሁ፣ ምን የመሰለች ናት!» አለች አንዷ። ፋንታዬ ታናናሾቹን ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ደብሪቱን እያየች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። አልጣሽ ከታች ሆና ዳቦ ቆሎውን ታቀብላለች።

ላቀው ወደ መኪናው እየሄደ በውዱ በኩል አለፈ። አላየውም። ውዱ ልስጥህ ብሎ መልሶ የከለከለው መስሎታል መሰለኝ።

ውዱ መጨረሻ ነው የወጣው። ዳር ላይ ተቀመጠና ወደ ታች ጎንበስ አለ።

«ደብሬ።»

«አቤት አባባ።»

«ሰውዬው ጉልበት ነው ያለሽ ሁሉንም ነው?» ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ወይስ ዳር ዳሩን? መሐሉ ላይ ጥልቅ ቦታ አይጠፋም፣ አይደል? ወንዝም ቢሆን መሐሉ ጥልቅ ነው። ወገብ የሚሆን ቦታ ካለ፣ ፈልጌ፣ ገፍተን እዚያ ካደረስናት...»

ከዳር እስከ ዳር። ሁለት ቀን ሙሉ። ጉልበት ያለፈኝ ቦታ የለም። ገሠሠ ያለው እንዲህ ነው፤ ደብሪቱም ቅድም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲሁ ብላ ጮሃለች። እሱም ሰምቷታል። ሰምቶም ነው የሚጠይቃት።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ሰዉ ኡኡታውን ለቀቀው። አባቷ ገና ይጠብቃል፣ ዓይኑን ፊቷ ላይ ተክሎ፤ መሬት መሬቱን አያይም።

ምን ትበል? ንገሩኝ እስቲ፣ ምን ትበል?

«ዳር ዳሩን ነው አባባ» አለች። «መሐሉን ሰውዬውም አላየውም። መሐሉ ጥልቅ ሳይሆን አይቀርም።»

«አይቀርም?»

«አይቀርም።»

ውዱ ትንፋሹን ለቀቀ። እጁን ሰደደላትና በጣቶቹ ጫፍ ፀጉሯን ነካ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰና እጁ በአየር ላይ ቀረ። ጥቂት ተከትላ ሮጠች። ከአቧራው ውስጥ፣ ከኡኡታው በላይ፣ አባቷ ወደ ጀልባዋ ውስጥ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰማችው።

«መሐሉ ላይ ጥልቅ ቦታ አለ። እዚያ እናደርሳታለን።»

«አላልኳችሁም!» የክንዴ ድምፅ ነው። «አያ ውዱ አለ ካለ፣ አለ።»

ከዚያ ሴቶቹ፣ ጀልባዋ ውስጥ እንዳሉ፣ ደከም ባለ ድምፅ እልል አሉ።